ከኮልፌ እስከ አባ ሳሙኤል፦ የለቀቅነው ውሃ ወዴት ይሄዳል?



ስለ ጉዞ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ሐረርን፣ ድሬ ሼህ ሁሴንን፣ ነጋሽን ወይም አላህ ሲያገራልን ሐጅን ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ ጉዞ ግን አውሮፕላንም ሆነ አገር አቋራጭ አውቶቡስ አልጠየቀም። ከመድረሳችን ጓሮ ተነስቶ በአንድ ቀን ያለቀ ነው። መንገዱን የመራንም ወንዝ ነበር።

ምክንያቱን እንንገራችሁ። እኛ በሥራ ቀናት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ባዮሎጂ እናስተምራለን፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ኮልፌ አካባቢ በሚገኝ አንድ መድረሳ ልጆች እናቀራለን። ከዕለታት አንድ ቅዳሜ የጠሃራ ትምህርታችን የውሃ ዓይነቶች ላይ ደርሶ ነበር። በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናት፣ ሰዎች ውሃ በሚቀዱበት፣ በሚያልፉበት መንገድና በሚያርፉበት ጥላ ሥር መጸዳዳት በዲናችን የተከለከለ መሆኑን ስናስረዳ፣ አንዲት የ13 ዓመት ተማሪ እጇን አወጣች።

«ኡስታዝ፣ የኛ ሽንት ቤት ወዴት ነው የሚፈሰው?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኛም ፈገግ አልን፤ ነገር ግን መልሱን አናውቀውም ነበር። ስንት ዓመት ያስተማርንበትን ግቢ ሽንት ቤት መጨረሻ አለማወቃችን አሳፈረንና «ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን ሄደን እናየዋለን» ብለን ቃል ገባን። ቃል ደግሞ ዕዳ ነው።

ከጓሯችን የተነሳው መንገድ

በቀጠሮው ቀን ከፈጅር በኋላ ዐሥራ አራት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን በመድረሳው ጓሮ ተሰበሰብን። ከአጥሩ ሥር ሣር የሸፈነው አንድ ግራጫ የፕላስቲክ ቱቦ አገኘን። ቱቦው ቁልቁል ወርዶ ከሰፈሩ ጅረት አፋፍ ላይ ያበቃል። ከጫፉ የሚንጠባጠበውን ለመግለጽ ብዕራችን አይደፍርም። ለናንተም የቁርስ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ልጆቹ ዝም አሉ። ያቺ ጠያቂዋ ተማሪ ብቻ ቀስ ብላ «የኛው ነው እንዴ?» አለች። እኛም «አዎ፣ የኛው ነው» ከማለት በቀር የምንመልሰው አልነበረንም። ከዚያም በተኮናተርነው ሚኒባስ ተሳፍረን ቁልቁል ውሃውን ተከተልነው።

አዲስ አበባን ሁለት አቃቂዎች ያጥቧታል። ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ በኩል ቀበናንና ሌሎች ገባሮችን ሰብስቦ ይወርዳል። ትንሹ አቃቂ ደግሞ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ተራሮች ተነስቶ፣ የኛን የኮልፌን ጅረቶች ጨምሮ፣ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ወደ ቃሊቲ ይፈስሳል። ሁለቱም ከከተማው በስተ ደቡብ ባለው በአባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ወንዙ ወደ አዋሽ ይገባል።

መጀመሪያ የወረድነው መካኒሳ አካባቢ ነው። ወንዙ እዚያ ሲደርስ ጠቁሯል፤ አረፋም ይዟል። በግራና በቀኙ ግን ዓይን የሚያረካ ልምላሜ አለ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ካሮት በመደብ በመደብ ተዘርቶ፣ ውሃው ከወንዙ በሞተር እየተሳበ ይጠጣል። ብዙው የከተማችን ቅጠላ ቅጠል የሚመጣው እንዲህ ካሉ የወንዝ ዳር ማሳዎች ነው። በጎመኑ መሃል ቆመው የሚለቅሙ አንዲት እናት አገኘንና ሰላምታ ሰጠናቸው።

«እማማ፣ ውሃው አይከብድም? አያሳክክም?» አልናቸው።

«ያሳክካል እንጂ ልጄ» አሉ እጃቸውን እያሳዩን። «ግን ይሄ ውሃ ባይኖር አራት ልጅ በምን አሳድግ ነበር? ከላይ ያላችሁት ናችሁ የምትለቁብን፤ እኛ ከታች የመጣውን ነው የምንቀበለው።»

ሴትየዋ በቁጣ አልተናገሩንም፤ ሰው ስለ ዝናብና ስለ ፀሐይ እንደሚያወራው ብቻ ነገሩን። «ከላይ ያላችሁት» የሚለው ቃል ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሯችን አልወጣም።

የማይታየው ተጓዥ

በመንገድ ላይ ለተማሪዎቻችን ያስረዳናቸውን ለናንተም እናካፍላችሁ።

የታመመ ሰው ከሰውነቱ የሚያስወግደው ሕመሙን ጭምር ነው። ፖሊዮ፣ ሮታ፣ ኖሮ፣ ሔፓታይተስ ኤ የሚባሉት ቫይረሶች በአንጀት በኩል ይወጣሉ። በኖሮ ቫይረስ ተቅማጥ የያዘው ሰው በአንድ ግራም ዓይነ ምድር ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቫይረሶችን ሊያወጣ ይችላል። የፖሊዮ ቫይረስ ስፋቱ 30 ናኖሜትር ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በአንዲት ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ከ30 ሺህ በላይ የሚሆኑት ተሰልፈው መቆም ይችላሉ። ቫይረስ ዓይን አያየውም፣ ምላስ አይቀምሰውም፣ አፍንጫም አያሸተውም።

ቫይረሶች ሁሉ በውሃ ውስጥ እኩል አይበረቱም። እንደ ኮሮና ያሉት በስብ ልባስ የተሸፈኑ ስለሆኑ ሳሙና በቀላሉ ይፈታቸዋል፤ በፍሳሽ ውስጥም ቶሎ ይዳከማሉ። እንደ ፖሊዮ፣ እንደ ኖሮና እንደ ሔፓታይተስ ኤ ያሉት ግን ይህ የስብ ልባስ የላቸውም። አሲዳማውን ጨጓራ አልፈው አንጀት የሚደርሱ ጠንካሮች ናቸውና፣ በቀዝቃዛና ፀሐይ በማይደርስበት ውሃ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊቆዩ ይችላሉ።

ፍሳሽ የአንድን ከተማ ምስጢር እንደሚያወጣ ሐኪሞች ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ እስራኤል በነገብ በረሃ በምትገኘው የበደዊ ሙስሊሞች ከተማ በራሃጥ፣ አንድም ልጅ ሽባ ሳይሆን የፖሊዮ ቫይረስ በፍሳሽ ውስጥ ተገኘ። በዚህ ምክንያት ሰፊ የክትባት ዘመቻ ተደርጎ ሕጻናቱ ከአደጋ ዳኑ። ሕመሙን ከሐኪም ቤት በፊት የተናገረው የፍሳሽ ቱቦው ነበር።

ቃሊቲ ስንደርስ የከተማውን የፍሳሽ ማጣሪያ ከመንገዱ ዳር ሆነን ተመለከትን። የቀድሞዎቹ ኩሬዎች የሚያስተናግዱት በቀን 7 ሺህ 600 ሜትር ኩብ ያህል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው አዲሱ ማጣሪያ 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተሠርቷል። ማጣሪያ የሚሠራው ሥራ ረቂቅ ቢመስልም ሥርዓቱ ቀላል ነው። ደለሉ እንዲዘቅጥ ይደረጋል፤ ጠቃሚ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ይበሉታል፤ ቀሪውን ጊዜ፣ ፀሐይ ወይም ክሎሪን ይጨርሰዋል። በየደረጃውም የቫይረሱ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ነገር ግን ማጣሪያ የሚያጣራው የደረሰውን ነው። ከዋናው የፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘ ቤት ብዙ ነው። የኛ ግራጫ ቱቦም ወደ ማጣሪያው የሚወስደውን መንገድ አያውቀውም።

በአባ ሳሙኤል ዳርቻ

ዙህር ከመድረሱ በፊት አባ ሳሙኤል ገባን። ይህ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ፣ በሀገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና መብራት መስጠት ጀምሯል። የውሃው ፊት ሰፊ ቢሆንም ብዙው ክፍል እንቦጭ ለብሷል። እንቦጭ የሚወደው በፍሳሽ የወፈረ ውሃ ነውና።

ልጆቹን ያስደነቃቸው ግን ወፉ ነው። ሽመላው በአንድ እግሩ ቆሟል፤ ይብራው ግልገሎቹን አስከትሎ ይዋኛል፤ አባ ኮዳው በደለሉ ላይ እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይመላለሳል። ከነዚህም መካከል በየዓመቱ የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ እንግዶች አሉ። የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ በወፍ አጥኚዎች ዘንድ ስሙ የታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በዳርቻው ከብቶች ይጠጣሉ። ሲመሽ ደግሞ ጅብ ይወርዳል ብለው አንድ እረኛ ነገሩን።

በዚህ ጊዜ ያቺ ተማሪያችን እንደገና ጠየቀች።

«ኡስታዝ፣ እኛ ስንታመም እነሱም ይታመማሉ?»

ጥያቄው የዛሬ ሊቃውንትን ጭምር የሚያነጋግር ነው። ከሶላት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠን የምናውቀውን ያህል ነገርናቸው።

አንደኛ፣ አብዛኞቹ የሰው ቫይረሶች በሌላ እንስሳ ሰውነት ውስጥ አይዳብሩም። ቫይረስ እንደ ቁልፍ ነው፤ የሰውን በር የሚከፍተው ቁልፍ የወፍን በር ላይከፍት ይችላል። የፖሊዮ ቫይረስ አባ ኮዳን ሽባ አያደርገውም። ስለዚህ አጉል ፍርሃት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ አንዳንዱ በር ከአንዳንዱ ጋር ይመሳሰላል። በተለይ ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ ጎሪላና ቺምፓንዚ በአፈጣጠራቸው ለሰው ስለሚቀርቡ የሰው ሕመም ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 በታንዛንያ፣ በታንጋኒካ ሐይቅ ዳርቻ ባለው የጎምቤ ጫካ ይህ ታይቷል። በአካባቢው መንደሮች ፖሊዮ ገብቶ በነበረበት ወቅት ቺምፓንዚዎቹ እየተጎተቱ መሄድ ጀመሩ። አንዳንዶቹ ክንዳቸው፣ አንዳንዶቹ እግራቸው ሽባ ሆነ፤ የሞቱም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2025 በ91 ዓመቷ ያረፈችው እንግሊዛዊት ተመራማሪ ጄን ጉዶል፣ ያልታመሙትን ለማዳን የሰውን ልጅ የሚጠጣ ክትባት በሙዝ ውስጥ እየከተተች አበላቻቸው። ፖሊዮ ደግሞ እንደምናውቀው ከዓይነ ምድር ወደ አፍ የሚጓዝ በሽታ ነው።

ዛሬ በኡጋንዳ የተራራ ጎሪላዎችን ለማየት የሚሄድ ጎብኚ ከሚሰጡት መመሪያዎች አንዱ፣ በጫካው ውስጥ ለመጸዳዳት ከተገደደ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ተጠቅሞ፣ መልሶ እንዲደፍን የሚያዝዝ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ተያዩ። የጫካው ሕግ ከኛ ግቢ ሕግ የጠነከረ ሆኖ ተገኘ!

የአጋዘኑና የኦተሩ ነገር

ሦስተኛው ነገር በኮሮና ዘመን የተገለጠው ነው። በሰሜን አሜሪካ ጫካ ሁሉ የሚርመሰመስ ነጭ ጅራት አጋዘን አለ። እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ መጋቢት 2021 በኦሃዮ ግዛት በዘጠኝ ቦታዎች 360 አጋዘኖች ተመርምረው በ129ኙ አፍንጫ ውስጥ የኮሮና ቫይረስ ተገኘ፤ ከሦስቱ ከአንድ በላይ ማለት ነው። የቫይረሱ ዝርያም በዚያው ወቅት በሰፈሩ ሰዎች መካከል ይዛመት የነበረው ነው። እንግዲህ አጋዘን ከሰው ጋር ሻይ አይጠጣም፤ ታዲያ በየት በኩል ደረሰው?

የተጠረጠሩት መንገዶች ብዙ ናቸው። ሰዎች በጓሯቸው መኖ ይሰጧቸዋል፤ አዳኞች ይነኳቸዋል፤ በአጥር የሚረቡ አጋዘኖችም አሉ። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ደግሞ ከከተማ የሚወጣው ፍሳሽ ነው። በስፔን በቫሌንሲያ አውራጃ፣ አባቶቻችን ባለንሲያ ብለው በጠሯትና ከአንደሉስ ዘመን ጀምሮ በመስኖ ቦዮቿ በታወቀችው ምድር፣ ይህ ጥርጣሬ ይበልጥ ጎልቶ ወጣ። እዚያ ለፀጉሩ ተብሎ ከሚረባበት ግቢ ያመለጠ ሚንክ የሚባል ትንሽ አውሬ በወንዞች ዳር ይኖራል። ከተያዙት 13 የዱር ሚንኮች በሁለቱ ቫይረሱ ተገኘ፤ በአቅራቢያቸው ግን በበሽታው የተጠረጠረ እርባታ አልነበረም። በኋላም በዚያው ምድር ዓሣ እያጠመደ በሚኖር አንድ ኦተር በሚባል የወንዝ እንስሳ ላይ ተገኘ። እነዚህ ሁለቱ እንስሳት የሚያገናኛቸው ነገር ቢኖር ከከተሞች በታች በሚፈስስ ውሃ ውስጥ መኖራቸው ነው።

ይሁንና ነገሩን ሳናጋንን ማስቀመጥ አለብን። በፍሳሽ ውስጥ የኮሮና ቫይረስ የዘር ፍርፋሪ በሽ በሽ ነው፤ ሕያው ሆኖ ሌላውን ሊይዝ የሚችለው ግን እምብዛም አይገኝም። የጅብ ዱካ ማግኘትና ጅቡን ማግኘት ለየቅል ናቸው። ስለዚህ ሊቃውንቱ የአጋዘኑንም ሆነ የኦተሩን ነገር «በፍሳሽ ሊሆን ይችላል» ይላሉ እንጂ «በፍሳሽ ነው» አይሉም። የማያውቁትን «አላህ ያውቃል» ማለት የዒልም ግማሽ መሆኑን ለተማሪዎቻችን ያስታወስናቸው እዚህ ላይ ነው።

«ታዲያ አጋዘኑ ካልሞተ ምን ችግር አለው?» አለ አንድ ወንድ ልጅ። አጋዘኖቹ በእርግጥ ብዙም አልታመሙም፤ ጭንቀቱ ሌላ ነው። ቫይረስ አዲስ ቤት ካገኘ፣ ሰዎች ከተከተቡና በሽታው ከከተማ ከጠፋ በኋላም በጫካ መደበቂያ ይኖረዋል፤ እዚያም መልኩን እየቀየረ ይቆያል። በካናዳ በኦንታሪዮ በአጋዘኖች ውስጥ እጅግ የተለወጠ የኮሮና ዝርያ ተገኝቶ፣ ከአጋዘን ወደ አንድ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ገልጸዋል። በዴንማርክም እ.ኤ.አ. በ2020 ከሰው የያዛቸው የእርባታ ሚንኮች ቫይረሱን ለውጠው መልሰው ለሰው በማስተላለፋቸው፣ መንግሥት በሚሊዮን የሚቆጠሩትን አስወግዷል። ሚንኮቹ በሽታውን ፈልገው አላመጡትም፤ ከሰው የተቀበሉትን በነፍሳቸው ከፈሉ።

ሦስቱ ምልክቶች

ከመድረሳ የተማርን ሁሉ የውሃን መጥራትና መነጀስ በሦስት ምልክቶች መለየትን እናውቃለን፤ እነርሱም ጣዕም፣ ሽታና ቀለም ናቸው። ከልጆቹ አንዱ «ኡስታዝ፣ ቫይረሱ ሦስቱንም ካልለወጠ ውሃው ጠሂር ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። የሁለቱም ትምህርት ተማሪ መሆን ደስ የሚያሰኘው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ለዚህ መልስ የሚረዳ አንድ ነገር ነገርናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 የሳዑዲ ዓረቢያ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት ስለ ፍሳሽ ውሃ ፈትዋ ሰጥቷል። ምክር ቤቱ ባለሙያዎችን ካማከረ በኋላ፣ ፍሳሽ በሚገባ ተጣርቶ ጣዕሙ፣ ሽታውና ቀለሙ ወደ ንጹሕ ውሃነት ከተመለሰ ለውዱእና ለነጃሳ ማጠቢያ ሊያገለግል እንደሚችል ወሰነ። ለመጠጥ ሲሆን ግን ጤናን እንዳይጎዳ ጥንቃቄ እንዲደረግ አሳሰበ። እንግዲህ ዑለማዎቹ ሁለት ጥያቄዎችን ለይተው አይተዋል ማለት ነው። ለዒባዳ ጠሂር ነው ወይ? የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ሰውን ይጎዳል ወይ? የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ሲሆን፣ መልሱን ከሐኪምና ከኬሚስት እንጠይቃለን። አንዱ ሌላውን አይሽረውም። በሰው ላይ ጉዳት ማድረስ በዲናችን የተከለከለ ነውና፣ ሦስቱ ምልክቶች ያልያዙትን ጉዳት ይህ ክልከላ ይይዘዋል።

በዚያ ላይ ጉዳዩ በሰው ብቻ የሚያበቃ አይደለም። እንስሳትና ወፎች እንደኛው ኡመቶች መሆናቸውን ቁርኣን ያስተምረናል። አባ ሳሙኤልን ያለፈው ውሃ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ የቆቃን ግድብ ሞልቶ፣ በመተሐራ በኩል የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ ዳር ዳሩን ታክኮ፣ የአፋርን ምድር ሰንጥቆ በጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። በፓርኩ ውስጥ ዝንጀሮዎች በወንዙ ዳር ይውላሉ፤ ከዚያው ውሃ ይጠጣሉ። በታችም የአፋር ወንድሞቻችን ግመላቸውንና ፍየላቸውን ያጠጡበታል። በሩቅ መንገድ ፀሐይና ጊዜ ብዙውን ቫይረስ እንደሚቀንሱት የታወቀ ነው። ነገር ግን «ፀሐይ ያጠፋልኛል» ብሎ በጎረቤት ደጅ ቆሻሻ የሚደፋ ሰው የለም።

መመለሻችን

ማታ ወደ መድረሳችን ስንመለስ ልጆቹ በሚኒባሱ ውስጥ እንደ ጠዋቱ አልዘፈኑም፤ ነሺዳም አላሉም። ከወረድን በኋላ ያቺ ተማሪ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት «ኡስታዝ፣ ቱቦውስ?» አለችን። ሦስተኛው ጥያቄዋ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በእግርና በመጽሐፍ መለስናቸው፤ ይህ ግን ገንዘብ ይጠይቃል።

በማግሥቱ ጉዳዩን ለመድረሳው ኮሚቴ አቀረብን። በ2017 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ወንዝን መበከል በከባድ ገንዘብ የሚያስቀጣ ደንብ ማውጣቱን ጠቅሰን ነበርና፣ አንዳንዶች በቅጣቱ ደነገጡ። ሌሎች ደግሞ «መንደሩ ሁሉ የሚለቀውን የኛ አንድ ቱቦ ምን ይጨምራል?» አሉ። እውነት ለመናገር ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። የአንድ መድረሳ ቱቦ ቢደፈን አቃቂ ነገ አይጠራም።

ከኮሚቴው ሽማግሌዎች አንዱ ሐጂ ግን በትራቸውን ተደግፈው እንዲህ አሉ፦ «ልጆቹ አይተውታል። ከዛሬ ወዲያ ኡስታዞቹ ስለ ጠሃራ ሲያስተምሩ ልጆቹ የሚያዩት ኪታቡን ይሁን ቱቦውን?» ከዚህ በኋላ የተናገረ የለም።

ሴፕቲክ ታንክ ለማስቆፈር መዋጮ ተጀመረ። አል-ሐምዱ ሊላህ፣ እናቶች ከዕቁባቸው፣ ነጋዴዎች ከዘካ ውጭ ከሰደቃቸው ሰጡ፤ አንድ ግንበኛ ወላጅ የእጁን ሥራ በነጻ ሰጠ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ግድግዳው ተገንብቷል። ይህን ጽሑፍ እስከምናዘጋጅበት ጊዜ ድረስ የቀረው ክዳኑ ነው፤ የሲሚንቶ ዋጋ አዘግይቶናል። ሲያልቅ በየጊዜው በመጣጭ መኪና ይመጠጣል፤ ቱቦውም ይነሳል።

እስከዚያው ግን ወላጆችን የምናሳስባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ቤታችሁ ፍሳሽ ወዴት እንደሚወጣ ዛሬውኑ ተከታትላችሁ እዩ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲሞላ በሌሊት ወደ ጅረት መልቀቅን ተዉ። በቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሕጻን ካለ ዳይፐሩን በወንዝ አትጣሉ። የገዛችሁትን ቅጠላ ቅጠል በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ጎመኑን በደንብ አብስሉት። ልጆቻችሁን የፖሊዮ ክትባት አስከትቡ።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ መካኒሳ ጎራ ብለን ያችን እናት አገኘናቸው። ስለ ጉድጓዱ ስንነግራቸው ሳቅ ብለው፣ «እንግዲህ ከላይ ካላችሁት አንዱ ቀነሰልኝ» አሉን። አንድ እስር ቆስጣም ሰጡን። አጥበን፣ አብስለን በላነው።

አላህ ያወቅነውን የምንሠራበት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።